ክዳኑ እምቢ ያለው ጠርሙስ

ሰው ሁሉ ሥራ ስለጀመረበት ቀን ማውራት ይወዳል። አለቃው እንዴት እንደተቀበለው፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ምን እንዳደረገበት ሲተርክ አይሰለቸውም። እኔ የማወጋችሁ ግን መሥሪያ ቤቴን ስለዘጋንበት ቀን ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን የፈራሁበት ቀን ግን የለም።

ዘመኑ ባቡሩ አቃቂ ላይ ቆሞ ሰው የሚያወርድና የሚጭንበት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ አንዲት ትንሽ የምርምር ላቦራቶሪ ነበረችው። ሥራዋ ቀለም ነው። የትኛው ቀለም ጥጥ ላይ ይጸናል፣ የትኛው በአንድ እጥበት ይለቃል እያልን ቀኑን ሙሉ ክር ስንነክርና ስናሰጣ እንውላለን። እኔ ኬሚስትሪ ተምሬ የወጣሁ ረዳት ተመራማሪ ነበርኩ፤ ምላሴ ከእግሬ የሚፈጥን፣ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን የምወረውር ልጅ። «አላውቅም» ከማለት ሞቴን እመርጥ ነበር። እናቴ «አስቴር ስትወለድም እየተከራከረች ነው» የምትለው ወዳ አይደለም።

ግቢያችን አንድ ደግ ልማድ ነበረው። ከሙከራ የተረፈ ቀለም አይደፋም፤ ለሰፈሩ ሴቶች ይሰጣል። ሞሰብ የሚሰፉት ሴቶች ስንደዶ ነክረው ባለቀለም አለላ ያደርጉታል፤ ከገበያው ቀለም የእናንተ ትርፍራፊ ይሻላል እያሉ ይመርቁናል። አዳዩ ደግሞ ዘበኛችን ቱፋ ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ እዚያው አቃቂ ወንዝ ዳር ሲያርሱ የኖሩ፣ ሰው ባዶ እጁን ከበራችን ሲመለስ ማየት የማይሆንለት ሰው ነበር። እኛም እያወቅን ዝም እንለዋለን። መርዛማ የሆነውን ለይተን ስለምንቆልፍ፣ ከቱፋ እጅ የሚወጣው ሁሉ ስንደዶ ከመንከር ሌላ ጉዳት አልነበረውም።

የምኖረው ከጣቢያው ጀርባ፣ እትዬ ብርቄና ባላቸው ጋሽ ደስታ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ጋሽ ደስታ የባቡር ጣቢያው ባንዲራ ያዥ ነበሩ። ባቡር ሲመጣ አረንጓዴና ቀይ ባንዲራ በብብታቸው ይዘው መድረኩ ላይ ይቆማሉ። ባለ ትልቅ መዳፍ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ ተከራይ ሆኜ ገብቼ ብዙም ሳልቆይ ልጅ ሆኜ ቀረሁ። አምሽቼ ከመጣሁ የሚቆጡትም እኔን ነው፣ ራት ተከድኖ የሚጠብቀውም እኔን ነው።

እንግዲህ ላቦራቶሪዋ ትዘጋ ተባለ። ሥራው ወደ ዋናው ግቢ ሊጠቃለል፣ ቤቱም ለመዋዕለ ሕፃናት ሊሰጥ ነው። መዝጋት ማለት ዕቃ ጭኖ ቁልፍ ማስረከብ መስሎኝ ነበር። ኃላፊያችን ዶክተር ኃይሉ ግን «ነገ ሕፃን ወለሉን የሚልስበት ቤት ነው የምናስረክበው» ብለው ሰቅዘው ያዙን። አሲዱን በሶዳ አበረድን፣ ጠርሙሱን በጭድ እየጠቀለልን ሳጥን ውስጥ ደረደርን፣ ግድግዳውን ሳይቀር አጠብን። በመጨረሻው ቀን የቀረን የአንድ ፈረንጅ ተመራማሪ ቁም ሳጥን ብቻ ነበር። ሰውዬው ከብዙ ዓመት በፊት ቆልፎት ወደ አገሩ ሄዷል፤ ቁልፉንም ይዞት ሄዷል። ዶክተሩ ጠዋት ቱፋን «መቆለፊያውን ስበርና ጥራን፤ እኛ እናየዋለን» ብለው አዘዙት።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ሳጥን ሳስር ቱፋ ገመዱን ሊይዝልኝ መጣ። ሲይዝልኝ ጣቶቹን አየሁ። እንደ እርድ ቢጫ ሆነዋል።

«ቱፋ፣ እጅህን ምን ነካው?»

«ቀለም ነዋ። ብታጠበው ብታጠበው አልለቅ አለኝ» አለና ሳቀ። «ይኼ እንዴት ያለ ጎበዝ ቀለም ነው በናትሽ!»

«ከየት ያገኘኸው ቀለም?»

«ከፈረንጁ ሳጥን። ልጠራችሁ ስል እናንተ ከጭነት መኪናው ሹፌር ጋር ትጨቃጨቃላችሁ። ሌላው ሁሉ ባዶ ብልቃጥ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ ብቻ ደረቅ ቢጫ ዱቄት አለው። እትዬ ብርቄ ቢጫ ጠፋብኝ ሲሉ ሰምቼ ስለነበር መሰነባበቻ ይሁንልዎ ብዬ ሰጠኋቸው።»

ወደ ቁም ሳጥኑ ሮጥኩ። መደርደሪያው ላይ አቧራ ያልነካው ክብ ቦታ አለ። ዙሪያውን ቢጫ ፍርፋሪ ተንጠባጥቧል፤ እንጨቱ ራሱ ቢጫ ሆኗል። ፈረንጁ ሱፍ ለመፈተሽ በምን ይሠራ እንደነበር ከጽሑፎቹ አንብቤ ነበር። «ዶክተር!» ብዬ ጮህኩ።

ፒክሪክ አሲድ ይባላል። እርጥብ እስከሆነ ድረስ ጨዋ ነው። ዓመታት ቆይቶ ሲደርቅ ግን ጸባዩ ይለወጣል፤ መመታትና መፋተግ አይወድም። በጦርነት ጊዜ በቦምብ ውስጥ ይሞላ የነበረ ነገር ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በክዳኑ ጥርስ መሀል ገብቶ የደረቀው ነው፤ ክዳኑን ማዞር ክብሪት እንደ መጫር ሊሆን ይችላል።

ዶክተር ኃይሉ ፍርፋሪውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ስልካችን ላቦራቶሪው ይዘጋል ተብሎ ተቆርጧል። «እኔ በመኪናዬ ወደ ጦር ሰፈሩ ሄጄ ባለሙያ አመጣለሁ» አሉ። «አንቺ ቤቱን ታውቂዋለሽ፤ ሩጪ! ማንም እንዳይነካው። አንቺም እንዳትነኪው!» ቱፋን ደግሞ ከቁም ሳጥኑ ፊት አቆሙት። ምስኪኑ ሁለት ቢጫ እጆቹን እንደ ሌላ ሰው እጅ ከገላው አርቆ ይዞ ቆመ።

የፋብሪካውን አጥር ታክኬ ሮጥኩ። ነጠላዬ የት እንደወደቀ እስካሁን አላውቅም። የፈንጂ ድምፅ እሰማለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ የሰው በር በተዘጋ ቁጥር ልቤ ትቆም ነበር።

እትዬ ብርቄ ደጃፋቸው ላይ ስንደዶ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ድስት ሙሉ ውሃ ይፈላል።

«ጠርሙሱስ?» አልኩ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«የምን ጠርሙስ? ደግሞ ምን አሳደደሽ?»

«ቱፋ የሰጠዎት! ቢጫው!»

«ውይ! ነገረሽ እንዴ ያ ወሬኛ?» አሉ አፍረው። «ሳታስቢው ልሰጥሽ ነበር እኮ። መሄድሽ አይደል? ሞሰቡ ላንቺ ነው፤ ቢጫው ብቻ ነው የቀረኝ።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ጊዜ ማልቀስ ይሻለኝ መጮህ አላወቅኩም። «እትዬ፣ ከፈቱት?»

«የት ይከፈታል! በፎጣ ይዤ ባዞረው እምቢ። ድንጋይ ላይ ቀስ አድርጌ መታ መታ ባደርገው እምቢ። እሳት ዳር ላሙቀው ብዬ ደግሞ ጠርሙሱ ይሰነጠቅብኛል ብዬ ተውኩት።»

እየሰማኋቸው በአንድ እጄ የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ። ድንጋይ ላይ መታ መታ አድርገውታል። ከፊቴ ተቀምጠው የሚያወሩት ሴትዮ በሕይወት ያሉት በምን እንደሆነ ኬሚስትሪ ሊነግረኝ አይችልም።

«ታዲያ አሁን የት አለ?»

«ጋሽ ደስታ ምሳውን በልቶ ሲወጣ ሰጠሁት። ጣቢያ መፍቻ አለ፣ እከፍትልሻለሁ አለኝ። ምነው ልጄ? መርዝ ነው እንዴ? አስቱ! ንገሪኝ እንጂ!»

«ይፈነዳል» አልኩና ወጣሁ። ድስቱ ሲገለበጥና እትዬ ብርቄ «በስመ አብ!» ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ።

ከመድረኩ ጫፍ፣ ከሐዲዱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የመሣሪያ ማስቀመጫ የቆርቆሮ ክፍል አለ። ጋሽ ደስታ በሩ ላይ ቆመው ኮታቸውን ይቆልፋሉ፤ ባንዲራዎቹ በብብታቸው ናቸው። ሁለት እጃቸውን አየሁ። ሁለቱም በቦታቸው ናቸው። «ተመስገን» ያልኩት ጮኼ ነው።

«ጠርሙሱን ነክተውታል?»

«እዚያ አለ። የሠራው ፈረንጅ እንዴት አድርጎ አጥብቆ ዘግቶታል እኮ!» አሉ ፈገግ ብለው። «ልክ ላዞረው ስል የባቡሩ ደወል ተደወለ። ካሳለፍኩ በኋላ እጨርሰዋለሁ።»

ወደ ውስጥ አንገቴን ሰገግ አደረግኩ። የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ዕቃ ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ አለ። ጠርሙሱን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ሞርሳው መሀል አስረውታል። የብረት ክዳኑን ደግሞ አንድ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ ነክሶታል። ማንም አልያዘውም፤ በገዛ ክብደቱ ወደ ጎን ዘምበል ብሎ ተንጠልጥሏል። ትንሽ ቢነቀነቅ መፍቻው ይወርዳል፤ ሲወርድ ክዳኑን ይዞት ይዞራል። ከላይ የላላ ቆርቆሮ፣ ከታች ባቡር ባለፈ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ መሬት። ያን ክፍል አውቀዋለሁ። ባቡር ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብሎኖች እየዘለሉ ወለል ላይ ይወድቁ ነበር።

መድረኩ ላይ ሰው ሞልቷል። ዘንቢል ያንጠለጠለ፣ ልጅ ያዘለ፣ ዘመድ የሚቀበል። ከወንዙ ማዶ፣ ከደብረ ዘይት በኩል ባቡሩ ጮኸ።

ለጋሽ ደስታ እንዴት እንደነገርኳቸው በቅጡ አላስታውስም። ያ ዱቄት ቀለም ብቻ አይደለም፣ ሲደርቅ ፈንጂ ነው፣ የባቡሩ ንቅናቄ ሊያስነሳው ይችላል አልኩ መሰለኝ። «ባቡሩ እዚህ መድረስ የለበትም!»

ቀዩ ባንዲራ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያለ ምክንያት የተዘረጋ እንደሆነ የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ያለ ምክንያት ባቡር አላቆሙም፤ እትዬ ብርቄ ለጎረቤት የሚኮሩበት ነገር ይኸው ነበር። ጋሽ ደስታ ወደ ክፍሉ አዩ፣ ወደ ሐዲዱ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

መልስ የማያጣው ምላሴ ተያያዘ። እርግጠኛ ነበርኩ? ዱቄቱ ውስጡ ትንሽ እርጥበት ተርፎት ይሆናል። በድንጋይ ተመትቶም ዝም ያለ ነገር ነው። ምናልባት ባቡሩ አልፎ፣ ብሎኖቹ ወድቀው፣ ምንም ሳይሆን ይቀራል። «አዎ» ብዬ ብዋሽ ይቀለኛል፤ ለእርሳቸውም ይቀላቸዋል። ግን እኒያን ትልልቅ መዳፎች እያየሁ መዋሸት አቃተኝ።

«አይደለሁም፣ ጋሽ ደስታ» አልኩ። «ሊፈነዳም ላይፈነዳም ይችላል። እኔ አላውቅም። ሳናውቅ ግን ባቡሩ አይለፍ።»

አላንገራገሩም። አረንጓዴውን ባንዲራ ለእኔ አስያዙኝና ቀዩን ፈትተው ሐዲዱን ተከትለው ወደ ድልድዩ ሮጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ኮታቸው ወደ ኋላ ይውለበለባል፣ ቀዩ ጨርቅ ወደ ላይ ይውለበለባል። የጣቢያው ሹም ከቢሮው ወጥቶ «ደስታ! ደስታ! አበድክ እንዴ?» እያለ ይጮሃል። ባቡሩ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ፍሬኑ ሲያዝ ብረቱ በብረት ላይ ሲፋጭ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። እየተንሸራተተ፣ እየተንሸራተተ መጣ፤ መሬቱ ከጫማዬ ሥር መንዘር ጀመረ። መፍቻው ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። ዘምበል ያለው እጀታ ትንሽ ወረደ። እኔም አብሬው የወረድኩ መሰለኝ።

ከዚያ ጸጥ አለ። ባቡሩ ድልድዩ አፍ ላይ ቆሟል።

ሹሙ የሆነውን ስነግረው መድረኩን አስለቅቆ ሰዉን ራቅ ብሎ ካለ የአፈር ክምር ኋላ አሰባሰበ። እንደማያምነኝ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ሆኖም ሠራው፤ ምስጋና ይድረሰው። እኔ ግን መፍቻው በዚያ ሁኔታ ተንጠልጥሎ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ያስፈራኝ ነበር። ዶክተሩ «እንዳትነኪው» ብለዋል። ጠርሙሱን አልነካም፤ መፍቻውንም አልነካም። ከሥሩ መደገፍ ግን እችላለሁ። ለመሣሪያ መወልወያ የተቀመጠውን ጨርቅ አጣጥፌ፣ በጨርቁ ላይ ሌላ ጨርቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ከእጀታው ሥር በቀስታ መከመር ጀመርኩ። ክምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። የመጨረሻውን ጨርቅ ስገፋ እጀታው ዐርፎ ሲቀመጥበት እንኳ አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

«ውሃ» አልኩ ለራሴ። እርጥብ ከሆነ ጨዋ ነው። ጥግ ላይ የጋሽ ደስታ የመጠጥ ውሃ በጀሪካን አለ። ከመወልወያው ጨርቅ አንድ ቁራጭ እየነከርኩ ክዳኑ ዙሪያ፣ ጆንያው ላይ፣ ጠብ ጠብ ማድረግ ጀመርኩ። ውሃው በጆንያው ሥር ቢጫ ሆኖ ሲወርድ አየሁ። ደግሜ ነከርኩ፣ ደግሜ ጨመቅኩ። ከበሩ ወዲያ ከድልድዩ የተመለሱት የጋሽ ደስታ ድምፅ ይሰማኛል።

«እዚሁ ነኝ፣ አይዞሽ።»

«ይሂዱ እባክዎ! ከሰዎቹ ጋር ይሁኑ!»

«ባቡሬን አቁሜያለሁ፤ ሌላ ሥራ የለኝም» አሉና እንደ እልኸኛ ልጅ በሩ ላይ ቀሩ። ተሳደብኩ፣ ለመንኩ፣ አልሄዱም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቢሄዱ ኖሮ እጄ ያንን ጨርቅ አይጨምቅም ነበር።

ከአፈር ክምሩ ማዶ ደግሞ ሌላ ጦርነት አለ። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ መጥቷል። «ቲማቲሜ በሰበሰ!» ትላለች አንዷ። «ሽማግሌው ጃጅቷል፣ ለጠርሙስ ብሎ ባቡር ያቆማል!» ይላል ሌላው። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው «አንተ! ባሌን ጃጀ አልከው? ና እስቲ እዚህ ድገመው!» ሲሉ ሰማሁ። በዚያ ጭንቅ መሀል ሳቄ አመለጠኝ። ሳቄ ግን ወዲያው ለቅሶ ሆነ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዶክተር ኃይሉ ከሁለት የጦር መሐንዲሶች ጋር ደረሱ። በዕድሜ የሚበልጠው መቶ አለቃ አንገቱን አስግጎ አየና በምልክት ከክፍሉ አወጣኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ ከአፈሩ ኋላ ተኝተን ነበር። እትዬ ብርቄ አንድ እጄን ይዘዋል፣ ጋሽ ደስታ ሌላውን። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ መቶ አለቃው ውሃ የተሞላ ባልዲ በሁለት እጁ አቅፎ፣ እንደ ታቦት ተሸካሚ ቀስ እያለ ወጣ። ጠርሙሱ ውሃው ውስጥ ነበር።

«ይፈነዳ ነበር?» ስል ጠየቅኩት።

«እህቴ፣ ማራስሽ ጥሩ ነው» አለ። «ሌላውን እኔም አላውቀውም።» አሸዋ የሞላ መኪና ላይ ጭነውት ሄዱ። እኔ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ አመሸሁ፤ ከየትም በኩል ምንም አልሰማሁም።

ምንም አልሆነም እንግዲህ። ችግሩም እሱ ነበር። ፈንድቶ ቢሆን ጋሽ ደስታ ጀግና ይባሉ ነበር፤ ስላልፈነዳ ግን ለሰፈሩ ቀልድ ሆኑ። ጠላ ቤቱ ሁሉ «ለቢጫ ቀለም ቀይ ባንዲራ» እያለ ሳቀባቸው። አለቆቻቸውም ከባንዲራው አንስተው የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ አደረጓቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው ቀሩ። ከግቢው የምወጣ ዕለት እግራቸው ላይ ወድቄ «ያን ጊዜ እርግጠኛ ነኝ ብልዎት ኖሮ፣ 'ዋሸችኝ' ብለው እኔን ጥፋተኛ ማድረግ ይችሉ ነበር» አልኳቸው።

ብድግ አደረጉኝ። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ሁለት ባንዲራ ይዤ ቆምኩ። ቀዩን ለምን እንደሰጡኝ የገባኝ ያን ቀን ነው። 'አላውቅም' ባትዪኝ ኖሮ እኔም አላምንሽም ነበር፤ ስትንተባተቢ እኮ አይቼሽ አላውቅም።»

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ላቦራቶሪ ዘግቻለሁ፤ ሰዎች አዋቂ ናት እያሉ ይጠሩኛል። የማውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ገና ሥራ ሳንጀምር የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ሰው ሰብስቤ፣ ደጅ ያሉትን ጎረቤቶች ሳይቀር፣ «ከዚህ ግቢ የለመዳችሁት ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ደግነታችንም መዘጋት ያለበት ሰዓት አለ፤ ቱፋ ያን ዕለት ያደረገው ሁልጊዜ የሚመሰገንበትን ነገር ነው። ወጣቶቹ «ይሄ አደገኛ ነው?» ሲሉኝም የማላውቀውን አላውቅም እላቸዋለሁ። ምላሴ ላይ አሁንም ይከብደኛል።

ያ ቤት መዋዕለ ሕፃናት ሆነ። ሞሰቡም ከጥቂት ወራት በኋላ ደረሰኝ። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ወይን ጠጁ አምሮ ተሰፍቷል፤ ከወገቡ ላይ ግን አንድ ቀለበት ያልተነከረ ነጭ ስንደዶ ሆኖ ቀርቷል። ቢጫ ሊገባበት የነበረው ቦታ ነው። ገበያ ወጥቼ ቢጫ ቀለም ገዝቼ ለእትዬ ብርቄ ወሰድኩላቸው፤ እምቢ አሉኝ።

ጋሽ ደስታ ከማዶ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበሉ ነበር። እትዬ ብርቄ ወደ እሳቸው በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

«ባሌ በሁለት እጁ እንጀራ ሲቆርስ እያየሁ» አሉ፣ «ቢጫ ምን ያደርግልኛል?»